ሲጋራ መለኮሻው ሞተ፣ ማሞቂያውም ቀዘቀዘ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ፊውዝ የቱ በእጅ ይነካል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከቻይና የመጣች የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ስምንት ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት የጎማ መንፊያ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰክቼ ስነፋ ሦስተኛው ጎማ ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ መለኮሻው ላይ የስልክ ቻርጀር ብሰካም አይሠራም። ማሞቂያውም ነፋስ ይሰጣል እንጂ አይሞቅም፤ እሱ ከመቼ እንደጀመረው አላስተዋልኩም። አንድ መካኒክ ‹የኤሌክትሪክ መኪና ፊውዝ 400 ቮልት ነው፣ እንዳትነካው፣ አዲስ አበባ ውሰዳት› አለኝ። ሌላው ‹ተለቅ ያለ ፊውዝ አድርግበት፣ ሁለተኛ አይቃጠልም› አለኝ። የማንን ልስማ? የመኪናዋ መጽሐፍ በቻይንኛ ነው፣ ፊውዙ የት እንዳለም አላውቅም።»

ምላሽ፦ ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ምክር ገንዘብና ቀን ያስወጣዎታል፤ ሁለተኛው ግን መኪናዋን ሊያነድ ይችላል። ያነሷቸው ሁለት ብልሽቶችም አንድ ላይ የሚታዩ አይደሉም፤ አንዱን በራስዎ እጅ ያስተካክሉታል፣ ሌላውን እስከ አንድ ቦታ ድረስ መርምረው ያቆማሉ።

የኤሌክትሪክ መኪና ሁለት ባትሪ አለው። ከወለሉ ሥር የተነጠፈው ትልቁ ባትሪ መኪናውን የሚነዳው ነው፤ በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ከ300 እስከ 450 ቮልት ነው፣ ወደ 800 የሚጠጉም አሉ። ሁለተኛው እንደማንኛውም የቤንዚን መኪና ያለ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። መብራቱ፣ ክላክሱ፣ ዝናብ መጥረጊያው፣ መስኮቱ፣ ሬዲዮው፣ የበሩ ቁልፍ፣ ሲጋራ መለኮሻውና ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት በዚህኛው ነው። የቤንዚን መኪና ይህን ባትሪ በዲናሞ ይሞላዋል፤ የእርስዎ መኪና ዲናሞ ስለሌላት ከትልቁ ባትሪ ወስዶ ቮልቱን ዝቅ የሚያደርግ ኮንቨርተር ይሞላዋል። በመኪናዋ ውስጥ ካሉት በርካታ ፊውዞች አብዛኞቹ የ12 ቮልት ናቸው። የሲጋራ መለኮሻው ፊውዝም ከነዚሁ ነው።

ስለ «ተለቅ ያለ ፊውዝ» አስቀድሜ ልናገር። ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ከፊውዙ እስከ ዕቃው የሚሄደውን ሽቦ ነው። ለ15 አምፔር የተዘረጋ ሽቦ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። በዚህ መስመር ላይ ባለ 30 አምፔር ከሰኩ፣ ከዚያ ወዲያ ቀድሞ የሚቀልጠው ሽቦው ይሆናል። ሽቦው የሚያልፈው ደግሞ ከምንጣፉ ሥር፣ በስፖንጅና በፕላስቲክ መሃል፣ ከሌሎች ሽቦዎች ጋር በአንድ ፕላስተር ተጠቅልሎ ነው፤ ሲግል የራሱን ልባስ አቅልጦ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። በፊውዝ ፋንታ የሽቦ ቁራጭ ማሰር ወይም የሲጋራ ፓኮ ብር መጠቅለል ከዚህም የባሰ ነው።

ሦስተኛው ጎማ ላይ የቆመበትን ምክንያት ማወቅ ይጠቅማል። ፊውዝ ቁጥሩ ላይ የተጻፈው አምፔር እንደደረሰ ይበጠሳል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ደረጃውን የጠበቀ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ 16.5 አምፔር ቢያልፍበት ቢያንስ 100 ሰዓት መቆየት አለበት። 20 አምፔር ሲሆን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊበጠስ ይችላል፣ ደቂቃዎችም ሊቆይ ይችላል። 30 አምፔር ሲያልፍበት ግን ከ5 ሰከንድ በላይ መቆየት የለበትም። ባለ አንድ ፒስተን ትንሿ መንፊያ 10 አምፔር አካባቢ ትስባለች፤ ባለ ሁለት ፒስተኗ 20 እና ከዚያ በላይ ትስባለች፣ ጎማው እየጠነከረ ሲሄድ ደግሞ ይጨምራል። የመለኮሻው ክዳን ላይ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት፣ 120 ዋት ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ 10 አምፔር ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ጎማ ነፍቶ ሦስተኛው ላይ መቆሙ ከመጠን ያለፈ ጭነት ይመስላል። የሽቦ መነካካት፣ ኮንታክት የምንለው፣ ቢሆን ኖሮ መንፊያው ገና ሲሰካ ነበር የሚበጠሰው።

ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ከመሄድዎ በፊት ሁለት ቀላል ነገሮችን ይዩ። የመንፊያው መሰኪያ ጫፍ እንደ ብሎን ይፈታል፤ ውስጡ ስፕሪንግና ትንሽ የመስታወት ፊውዝ አለ፣ አንዳንዴ የሚቃጠለው እሱ ብቻ ነው። እርስዎ ግን ቻርጀርም ሰክተው ስላልሠራ የመኪናዋ ፊውዝ መቃጠሉ ይበልጥ ያስኬዳል። ቀጥለው መለኮሻውን በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ያብሩበት። ሳንቲም፣ የከረሜላ ብር ወይም የመሰኪያ ስባሪ ከገባበት መኪናዋን አጥፍተው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ያውጡት። ያ እያለ አዲስ ፊውዝ ቢሰኩ ዓይንዎ እያየ ይበጠሳል።

የፊውዝ ሳጥኖቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ናቸው፤ አንዱ ከፊት ኮፈን ሥር ባለ ጥቁር ክዳን ያለው፣ ሌላው ከሾፌሩ እግር በላይ ወይም በዳሽቦርዱ ግራ ጫፍ፣ በሩ ሲከፈት ብቻ የሚታይ ሽፋን ያለው። በአንዳንድ መኪና ሦስተኛ ሳጥን በኋላ የዕቃ ማስቀመጫ ጎን ይገኛል። የመለኮሻና የሬዲዮ ፊውዝ በብዛት የሚገኘው ከዳሽቦርዱ ሥር ነው። ቻይንኛው አያስጨንቅዎ። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ወይም በመጽሐፉ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ጥርት አድርገው ፎቶ ያንሱና በስልክዎ ካሜራ የትርጉም መተግበሪያ ያስነብቡት፤ ትርጉሙ «ሲጋራ መለኮሻ» ወይም «የኃይል መውጫ» ዓይነት ቃል ይሰጥዎታል። የቦታው ቁጥርና አምፔሩ በተራ አኃዝ ስለሚጻፉ ማንም ያነባቸዋል። የትርጉም መተግበሪያ አንዳንዴ ስለሚሳሳት፣ ያመለከተው ፊውዝ አምፔርና በቦታው የተሰካው ፊውዝ አምፔር መግጠማቸውን ያረጋግጡ። ካልገጠሙ ወይ ትርጉሙ ስቷል፣ ወይ ከእርስዎ በፊት ሌላ እጅ ገብቶበታል።

ምርመራውን ፊውዙን ሳይነቅሉ መጀመር ይሻላል፤ ሃያ ፊውዝ እየነቀሉ እያዩ መመለስ አንዱን ቦታ ያሳስታል። የመኪናዋ ባትሪ መሙያ ኬብል ተነቅሎ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ፍሬን ሳይረግጡ ማስነሻውን አንዴ ይጫኑ፤ ሬዲዮው ይበራል፣ መኪናዋ ግን ለመሄድ ዝግጁ አትሆንም። ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) 20 ቮልት ዲሲ ላይ ያድርጉ፤ ዲሲ እንደ ባትሪ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደው ነው። ጥቁሩን ጫፍ ቀለም ያልነካው የሰውነቱ ብሎን ላይ ይያዙ፣ ቀዩን በፊውዙ ጀርባ ባሉት ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ላይ ተራ በተራ ያሳርፉ። ሁለቱም ላይ 12 ቮልት ካነበቡ ፊውዙ ደህና ነው። አንዱ ላይ 12፣ ሌላው ላይ ዜሮ ከሆነ ተቃጥሏል። ሁለቱም ላይ ዜሮ ከሆነ ፊውዙ ላይ አይፍረዱ፤ ኃይሉ ከዚያ በፊት ተቋርጧል፣ ወይም መስመሩ ገና አልተከፈተም።

የተቃጠለውን ካገኙ በኋላ መኪናዋን ያጥፉ፣ በሩን ከፍተው ቁልፉን ከመኪናዋ ጥቂት ሜትር አርቀው ያስቀምጡ፣ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ለእነዚህ ትንንሽ ፊውዞች የ12 ቮልቱን ባትሪ መፍታት አያስፈልግም። ከክዳኑ ውስጥ ነጭ ወይም ቢጫ የፕላስቲክ መንቀያ ብዙ ጊዜ ተሰክቶ ይገኛል፤ በሱ ይዘው ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡ። በፒንሳ ይዞ ግራ ቀኝ ማወዛወዝ ውስጥ ያለውን መያዣ ያላላዋል፣ የላላ መያዣ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ብልሽት ይወልዳል። ከአየር ባጉ፣ ከመሪውና ከፍሬኑ ፊውዞች ላይ ለሙከራ ብለው እጅዎን አያሳርፉ።

የነቀሉትን ወዲያው አይጣሉት። ወደ ብርሃን ያዙትና በግልጹ ፕላስቲክ ውስጥ ያለችውን የኤስ ቅርጽ ብረት ይመልከቱ። መሃሏ ላይ ብቻ ትንሽ ክፍተት ካለ፣ ጫፎቹም ክብ ብለው ቀልጠው ከታዩ፣ ፕላስቲኩም ንጹሕ ከሆነ፣ ቀስ ብሎ በጭነት የተበጠሰ ነው፤ የእርስዎም ይህን መምሰል አለበት። ብረቷ ጠፍታ ፕላስቲኩ ከውስጥ ጠቁሮ ወይም የብረት ፍንጣሪ ለብሶ ካገኙት ኮንታክት ነው፤ አዲስ ከመሰካትዎ በፊት መስመሩ መታየት አለበት። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ብረቷ ደህና ሆና የፊውዙ እግር ዙሪያ ፕላስቲኩ ከቀለጠ ጥፋቱ የመያዣው መላላት ወይም መዛግ ነው። ይህን ፊውዝ በመቀየር አያድኑትም፤ መያዣው ራሱ መቀየር አለበት።

አዲሱ ፊውዝ በሁለት ነገር ከአሮጌው ጋር መግጠም አለበት፣ በአምፔርና በቅርጽ። ቀለሙ አምፔሩን ይነግርዎታል፦ 5 ፈዛዛ ቡኒ፣ 7.5 ቡኒ፣ 10 ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 25 ነጭ ወይም ግልጽ፣ 30 አረንጓዴ። ይህ ግን ለስስ ባለ ሁለት እግር ፊውዞች ብቻ ነው። በወፍራሞቹ የሳጥን ቅርጽ ፊውዞች ላይ አረንጓዴው 40፣ ቀዩ 50፣ ቢጫው 60 አምፔር ስለሆነ በቀለም ብቻ የሚገዛ ሰው ይሳሳታል፤ ቁጥሩን ያንብቡ። ስፋቱን በማስመሪያ ይለኩ፦ የድሮው መደበኛ 19 ሚሊ ሜትር፣ ሚኒ 11፣ ማይክሮ 9 ይሆናል። ሚኒ ደግሞ ረጅምና አጭር ቁመት ያለው አለ፤ አጭሩ ቦታ ላይ ረጅሙ ቢገባም ክዳኑ አይዘጋም። የተቃጠለውን ራሱን ይዘው መለዋወጫ ቤት ይሂዱ፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ይግዙ። ቁጥሩ ደብዝዞ የታተመ፣ በመቶ ዓይነት በአንድ ላስቲክ ታጭቆ የሚሸጥ እጅግ ርካሽ ፊውዝ ይቅርብዎ፤ በቁጥሩ የማይበጠስ ፊውዝ ሽቦ ከማሰር አይለይም።

ከሰኩ በኋላ መጀመሪያ የስልክ ቻርጀር ይሞክሩ። ከሠራ ጨርሰዋል፤ ያንን መንፊያ ግን ወደዚህ መለኮሻ አይመልሱት። ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ዕቃ ከፊውዙ ቁጥር ሦስት አራተኛ በላይ መሳብ የለበትም፣ ለ15 አምፔር 11 አካባቢ ማለት ነው። ባለ 300 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) በሙሉ ጉልበቱ 25 አምፔር ይስባል፣ እሱም አይሰካም። ሁለተኛው ፊውዝ ምንም ሳይሰኩበት ከተበጠሰ ሦስተኛ አይጨምሩ፤ መስመሩ ላይ ኮንታክት አለ፣ ሥራው የኤሌክትሪሺያን ነው።

ወደ ማሞቂያው እንለፍ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ከተማ፣ ጣርማበር ላይ ጭጋጉ ሲወርድ መስተዋቱን የሚያጠራልዎ እሱ ስለሆነ ችላ አይበሉት። የቤንዚን መኪና ሙቀቱን ከሞተሩ ውሃ ያገኛል። የእርስዎ ሞተር ያን ያህል ስለማይግል ሙቀቱ የሚፈጠረው ፒቲሲ በሚባል የምድጃ ዓይነት ክፍል ነው፣ አንዳንዶቹ ሂት ፓምፕ (ከውጭው አየር ሙቀት የሚስብ መሣሪያ) ይጨምሩበታል። 5 ኪሎ ዋት የሚስብ ፒቲሲ በ12 ቮልት ቢሠራ ከ400 አምፔር በላይ ይጠይቅ ነበር፤ በ400 ቮልት ግን 12.5 አምፔር ይበቃዋል። ለዚህ ነው ከትልቁ ባትሪ የሚመገበው።

ነፋሱ መምጣቱ የነፋሻው ሞተርና የ12 ቮልት ፊውዙ ደህና መሆናቸውን ይናገራል። እርስዎ የሚያዩት ይህን ነው፦ መኪናዋ በቁጠባ አነዳድ ላይ ናት ወይ? ትልቁ ባትሪ ሊያልቅ ቀርቧል ወይ? በሁለቱም ጊዜ ማሞቂያውን ራሷ ልትቀንሰው ትችላለች። ከዚያ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ የ12 ቮልት ፊውዝ ከላይ ባልኩት መንገድ ይለኩ፤ ትእዛዝ ካልደረሰው ፒቲሲው አይሞቅም። ውሃ የሚያሞቅ ዓይነት ከሆነ የማቀዝቀዣ ፈሳሹን መጠን በጋኑ ላይ ባለው ምልክት ይዩ፣ ክዳኑን ግን አይክፈቱ። በመጨረሻ የአየር ማቀዝቀዣውን (ኤሲውን) ያብሩ። በአንዳንድ መኪኖች የማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰርና ፒቲሲው በአንድ የከፍተኛ ቮልት ፊውዝ ስለሚጠበቁ፣ ሁለቱም ከሞቱ ጥርጣሬው ወደዚያ ያመራል። ቅዝቃዜው ከሠራ ፒቲሲው ራሱ ወይም የብቻው መስመር ነው፤ እስኪጠገን ድረስም ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚያደርቅ መስተዋቱን ለማጥራት ይጠቀሙበት።

የእርስዎ እጅ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ብርቱካናማ ኬብል፣ ብርቱካናማ መሰኪያ ወይም እነሱ የሚገቡበት የብረት ሣጥን ካዩ ብሎን አይፍቱ። ከ60 ቮልት ዲሲ በላይ ለሰው አደገኛ ተብሎ ይወሰዳል፤ ይሄ ብዙ እጥፍ ነው። «መኪናዋን አጥፍቻለሁ» ማለትም አያድንም። የ12 ቮልቱ ባትሪ ሲደክም አንዳንድ መኪና ቆማ እያለች ራሷ ነቅታ ከትልቁ ባትሪ ትሞላዋለች። ኃይሉ ተቆርጦም በካፓሲተሮች ውስጥ ለደቂቃዎች የሚቆይ ክምችት አለ፤ የትልቁ ባትሪ ውስጥ ደግሞ መቼም አይጠፋም።

የዚያ ክፍል ፊውዝም ሌላ ዓይነት ነው። አካሉ ሴራሚክ፣ ውስጡ አሸዋ ሲሆን ለዲሲ 500 ቮልትና ከዚያ በላይ የተሠራ ነው። የቤታችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ፊውዝ ሲበጠስ የሚፈጠረው እሳት የሚጠፋበት ቅጽበት ያገኛል። ዲሲ ዜሮ ላይ አያልፍም፤ እሳቱ በክፍተቱ ላይ ተዘርግቶ ይቀጥላል፣ የሚያፍነውም አሸዋው ነው። 32 ቮልት የተጻፈበት የፕላስቲክ ፊውዝ ወይም የቤት ቆጣሪ ፊውዝ እዚያ ቢገባ በሚበጠስበት ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ላይ ያለች ከተማ መሆኗም ነገሩን ያከብደዋል፤ አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ሌላ ፊውዝ አለ፤ ኮንቨርተሩን ከ12 ቮልቱ ባትሪ የሚያገናኘውና በብሎን የሚታሰረው ትልቁ። ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ባትሪ ሲደክም በኬብል ሲያስነሡ መደመሪያውና መቀነሻው ሲቀያየር ነው። በውርጭ ጠዋት ጎረቤት «አንዴ አስነሣኝ» ሲል እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የናፍጣ መኪና ማስነሻ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ስለሚስብ፣ ብዙ የጭነት መኪኖችም 24 ቮልት ስለሆኑ፣ የኤሌክትሪክ መኪናዎን ለዚህ አያውሱ። መኪናዋ ዝግጁ ሆና የ12 ቮልቱን ባትሪ ሲለኩ 13.5 እና ከዚያ በላይ ካላነበቡ ኮንቨርተሩ ወይም ይህ ፊውዝ ይታይ። የፊት ኮፈኑን ውስጥ በላቫጆ ግፊት ውሃ ማጠብም ይቅር፤ በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ሾልኮ የገባ ውሃ እግሮቹን አረንጓዴ ያደርጋቸዋል።

እንግዲህ የሲጋራ መለኮሻውን ፊውዝ እዚያው ደብረ ብርሃን ራስዎ ይቀይሩ። ለማሞቂያው የ12 ቮልቱን ፊውዝና ቅንብሮቹን አይተው ካልተገኘ የከፍተኛ ቮልት መሣሪያ ወዳለው ጋራዥ ይውሰዷት። ማሞቂያው ብቻ ከሆነ የጠፋው መኪናዋን ነድተው መሄድ ይችላሉ፤ ዳሽቦርዱ የኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናዋ አካል እንዳያፈስ የሚከለክለው ልባስ) ወይም የከፍተኛ ቮልት ማስጠንቀቂያ ካሳየ ግን አይንዷት፣ በጭነት መኪና ላይ ተጭና ትሂድ። ጋራዡ ባለ 1,000 ቮልት የላስቲክ ጓንት፣ ባለ 1,000 ቮልት ቴስተርና የኢንሱሌሽን መለኪያ እንዳለው ቀድመው በስልክ ይጠይቁ። ከፍተኛ ቮልት ፊውዝ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ፒቲሲው ወይም ኮምፕሬሰሩ በውስጡ ስለተበላሸ ነው፤ ስለዚህ ፊውዙ ከመግባቱ በፊት የሁለቱም ኢንሱሌሽን ተለክቶ ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ደህና ዕቃ የሚያነበው በሜጋ ኦም፣ ማለትም በሚሊዮን ኦም ነው። ቁጥሩን ሳያሳይዎ «ፊውዙን ቀይሬልዎታለሁ» የሚልዎት ካለ መኪናዋን አይረከቡ።